በሾርባው ውስጥ የገባው እንክብል

የሆስፒታሉ ደረጃ ጠባብ ነው። አንዷ ሽቅብ ስትሮጥ፣ ሌላዋ ቁልቁል ስትሮጥ፣ መታጠፊያው ላይ ግንባር ለግንባር ተላተሙ።

«ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው፣ አንቺ! ይሄ ፔርሙስ ተደፍቶ ቢሆን ኖሮ አልለቅሽም ነበር!»

«ይቅርታ፣ እማማ፤ አላየሁዎትም» አለች ወራጇ፣ ወረቀቶቿን ከወለሉ ላይ እየለቀመች።

«እንዴ! ዝምታዬ? አንቺ ነሽ?»

ፔርሙስ የያዙት ሴት በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት ለሃያ ዓመት ያበሰሉ ናቸው። ጭልፋቸውን እያወዛወዙ ስለሚናገሩ ሠራተኛው «እማማ ጭልፋ» ብሏቸዋል፤ እርሳቸውም ወደውታል። ወጣቷ ደግሞ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በዚሁ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ሰላምታዋ እንኳ ከከንፈሯ አልፎ ስለማይሰማ ሰፈሩ ዝምታዬ ይላታል።

«ባለቤትዎስ፣ አባባ እንዴት አደሩ?»

«ምን ያድራል ብለሽ! አምስት ቀን ሙሉ ሆዱ አልቆመ፣ ገላው እንደ ምድጃ ይነዳል። የፋብሪካውን በር ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሰው ዛሬ በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የሚነሣው። የሚወጉት መርፌም የውሃ ያህል አልሠራለት።» እማማ ጭልፋ ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስለዚህ የራሴን ዘዴ ይዤ መጥቻለሁ። ሾርባው ውስጥ ሁለት ፍሬ እንክብል በትኛለሁ፤ ያቺን ቀይና ቢጫዋን።»

ልጅቱ ሳታስበው ፔርሙሱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ከየት አገኙት?»

«ሰው ሲሻለው የሚተወው መድኃኒት አለ አይደል? ከሚጣል ብለው ለእኔ ያመጡልኛል፤ ቆርቆሮ ሙሉ አለኝ። ሆዱን የቆረጠው መጥቶ ሁለት ሁለት ይውጣል። ወጥ ቤትማ ዋናው ምስጢሬ እሱ ነው! ፍሪጁ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ የነገውን ሥጋ ዛሬ ከትፌ ነው የማሳድረው። እንዳይበላሽ እንክብሉን ፈልቅቄ ዱቄቱን ለወስ አደርግበታለሁ። ሙያ በልብ ነው፣ ልጄ!»

«እማማ፣ እባክዎ ይህን ሾርባ አይስጧቸው።»

«ምን?»

«አይስጧቸው! መርፌው ያልሠራላቸው በዚህ ሊሆን ይችላል።»

እማማ ጭልፋ እንዲህ ያለ ነገር ከተነገራቸው ዘመን የለውም። ያውም በእርሳቸው ፊት በአንቀልባ ታዝላ ያደገች ልጅ! ደማቸው ፈላ።

«ስሚ! እኔ ሥጋውን አንተክትኬ ነው የማበስለው። እሳት የማይገድለው ተሕዋስ አለ ልትዪኝ ነው?»

«ሥጋው ላይ ያለውን እሳቱ ይገድልልዎታል። መክተፊያው ላይ ያለውንስ? ሥጋውን ካነሡ በኋላ ምን ይከትፉበታል?»

«ቲማቲም።»

«ቲማቲሙ ይበስላል?»

«ጥሬውን ነው እንጂ የሚበላው! ግን መክተፊያውን እኮ በጨርቅ እወለውለዋለሁ።»

«ጨርቁስ በምን ይጸዳል?»

«ጨርቁ ምን ሆነ? ጨርቅ ነው!» አሉ እማማ ጭልፋ፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ግን መልሱ ለራሳቸውም ጎደለባቸው። ወዲያው አገገሙ። «ይሁን! መድኃኒቱስ? መድኃኒት በምግብ ላይ ቢጨመር ይጠቅማል እንጂ ምን ይጎዳል?»

ዝምታዬ ጉንጯ ቀልቷል፤ ግን አልተመለሰችም። «አባባ ዘበኛ አይደሉ? መቶ ሌባ ግቢ ገባ እንበል። አንድ ጊዜ ጮኸው ዘጠና አምስቱን ፈሪዎች ቢያባርሩና ወደ አልጋቸው ቢመለሱ፣ ግቢው የማን ሆነ?»

«የአምስቱ ደፋሮች ነዋ።»

«አዎ! ተሕዋስያን ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይራባሉ። ትንሽ ዱቄት ሲነሰንሱባቸው ደካሞቹ ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የቻሉት ይቀራሉ፣ የሚወልዱትም እንደነሱ የቻለውን ነው። ነገ ሰው ሲታመም ያው መድኃኒት ቢሰጠው ይሥቁበታል።»

«ይሥቁበታል!» እማማ ጭልፋ ተቆጥተው ሣቁ። «ነይ እሺ፤ ዛሬውኑ ነይና መክተፊያዬን መርምሪው። ላሺው ብልሽ ትልሺው ነበር፣ እንዲያ ነው የሚያበራው!»

የተናገሩት በእልህ ነው። ዝምታዬ ግን ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ድረስ ሄዳ መክተፊያውን፣ ጨርቁንና ያደረውን ሥጋ በትንንሽ ጥጥ ነካክታ ተመለሰች። ሾርባውም ሳይጠጣ ተደፋ፤ ለእማማ ጭልፋ እንደ ሽንፈት የተቆጠረባቸው ይኸኛው ነበር። በዚያ ላይ በማግስቱ ባላቸውን በስማቸው ሲጠሯቸው ሽማግሌው መመለስ አቃታቸው። እማማ ጭልፋ እስከ ዛሬ ያስታመሙት ሰው ሁሉ ተነሥቷል፤ ይህን ቢያጡትስ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ላቦራቶሪው ተጠሩ። ናሙና መቀበያው መስኮት ፊት ሰልፍ አለ፤ ከፊታቸው እጁን በፋሻ የጠቀለለ ሹፌር ቆሟል። ከመስታወቱ ወዲያ ዝምታዬ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ብቅ አለች፤ ዓይኗ ያበራል።

«እማማ! ለብቻዎ ላሳይዎት ወይስ...»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! እዚሁ አሳዪኝ።»

ሁለት የታሸጉ ክብ ሳህኖች ወደ መስታወቱ አስጠጋች። እማማ ጭልፋ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ።

«ይሄማ ቀዝቅዞ የረጋ መረቅ ነው!»

«አላጡትም! ተሕዋስያኑን የምንቀልብበት ነው። ነጫጮቹ ክብ ወረቀቶች እያንዳንዳቸው በተለያየ መድኃኒት ተነክረዋል። መድኃኒቱ ከሠራ ዙሪያው ይጠራል፤ ካልሠራ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይበቅሉበታል። ይኸኛው ከአባባ ደም የወጣ ነው፤ ያኛው ከመክተፊያዎ።»

«እዚች ጋ ምንም የጠራ የለም።»

«እሷ የእርስዎ ቀይና ቢጫ ናት።»

«ኧረ እማማ» አለ ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ፣ «እነዚህስ መድኃኒቱን እንደ ማባያ እየበሉት ነው!»

ሰልፉ ሣቀ። እማማ ጭልፋ አልሣቁም። አንዱን ሳህን አዩ፤ ሌላውን አዩ፤ የጠራውም የበቀለውም እንደ መንትያ ነው።

«እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

«እማማ፣ ከአንድ ምንጭ ለመሆናቸው ለመማል ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ግን አሁን እሱን ይተዉትና ይህችን ይዩ!» የዝምታዬ ጣት መስታወቱን መታ፤ ድምፅዋ እስከ ሰልፉ ጫፍ ተሰማ። «ከስድስቱ አራቱን ንቀዋቸዋል፤ አምስተኛዋም ደካማ ናት። ይህች ግን ዙሪያዋ እንዴት እንደጠራ አዩ? አልተላመዷትም! ለሐኪሙ ደውዬለታለሁ፤ መድኃኒታቸው በዚህ ሰዓት እየተቀየረ ነው!»

«ተገኘች?»

«ተገኘች!»

«እሰይ!» ብሎ የጮኸው ሹፌሩ ነው።

መልካም ዜና እግር ካለው፣ የዚያን ቀኑ በእማማ ጭልፋ እግር ደረጃውን ወጣ። ቢሆንም ሰውነት በአዋጅ አይድንም፤ አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም ነጋ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ትኩሳቱ ወረደ፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡና ሚስታቸውን ትክ ብለው አዩአቸው።

«ሴትዮ፣ ራበኝ።»

ይህችን ቃል ለመስማት ዘጠኝ ቀን የጠበቁት ሴት ዳቦውን ሊቆርሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ አንዳች ነገር እንደያዛቸው ቆሙና ወደ ቧንቧው ሄዱ።

«ወዴት ነው? ራበኝ እኮ አልኩሽ!»

«ሰምቻለሁ! እጄን ልታጠብ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጀምሮ!» ሳሙናውን እስከ ክርናቸው አሹት፤ እንባቸውም አብሮ ወረደ። እየታጠቡ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ ያን ሁሉ ነገሯቸው፤ ስለ ሥጋው፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ አንዱንም ሳይደብቁ።

«ታዲያ» አሉ ሽማግሌው፣ «ሌባውን ያስገባሽው አንቺ ከሆንሽ፣ በሩን ዝጊዋ።»

በሩም ተዘጋ። እማማ ጭልፋ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው ፍሪጁ ካልተሠራ ጭልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደሚያስቀምጡ ተናገሩ፤ በሳምንቱ ተሠራ። የሥጋውና የአትክልቱ መክተፊያ ተለየ፤ ጨርቁ በየቀኑ ይቀቀላል፤ ቆርቆሮውን ወስዳ ለሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ያስረከበችው ዝምታዬ ናት። ከዚያ ወዲህ በሆድ ቁርጠት ከሥራ የሚቀር በጣት የሚቆጠር ሆነ፤ በእርግጥ የታመመም ሐኪም ያዘዘለትን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ይውጣል።

አንድ ቀን ከፋብሪካው ብረት በያጆች አንዱ ሆዱን ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እባክሽ ያቺን ቀይና ቢጫ...»

«የለችም! መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ፤ ያስፈልግሃል ካለ ያዝልሃል።»

«ድሮ ትሰጪኝ አልነበር? አሁን ምን አስጨከነሽ?»

እማማ ጭልፋ ጭልፋቸውን አነሡ። «ያን ጊዜ መድኃኒቱን በነፃ የማድልህ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ለካስ አንድ ቀን ሞት አልጋህ ላይ ቁጭ ሲል የምታወጣውን ዱላ ነበር ቀድሜ የምሰብርብህ። ሂድ አሁን፤ ስትመለስ ሾርባ አስቀምጥልሃለሁ።»

በያጁ እያጉረመረመ ሄደ። እርሳቸውም ዘወር ብለው ቧንቧውን ከፈቱ።