ሽበታሙ የጓንዡ ሾፌር

(መርካቶ፣ ረፋድ ላይ። የሕፃናት ልብስ ነጋዴዋ ወይዘሮ ደብሪቱ ከነገ ወዲያ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ ይሄዳሉ፤ እዚያ እየኖረ ለሐበሻ ነጋዴዎች መኪና ከሚያዘጋጀው ከሙራድ ጋር ሱቃቸው ውስጥ ሆነው በስልክ ይከራከራሉ።)

ደብሪቱ፦ ሌላ ሾፌር አልኩህ እኮ ሙራድ! ያንን ሽበታም ሰውዬ ዓይኑን ማየት አልፈልግም።

ሙራድ፦ እትዬ ደብሪቱ፣ ቼን ከሁሉም ጠንቃቃ ነው። የበረራ ቁጥርዎን ሰጥቼዋለሁ፤ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ ያገኙታል።

ደብሪቱ፦ የሰጠኸውን ተቀበለዋ! ቀርፋፋ ነው። እንደ ሬሳ መኪና ነው የሚነዳው።

ሙራድ፦ እትዬ…

ደብሪቱ፦ አፌ ነው። ተወው።

ሙራድ፦ ያኔ ያመጣችሁ ጊዜ እኮ “አብርሮ አመጣን” ነበር ያሉኝ።

ደብሪቱ፦ በረረም ተጎተተም መኪናው ይሸታል።

ሙራድ፦ ያንን መኪና ከሸጠው ዓመት ሆነው።

ደብሪቱ፦ ሸጠው? ለምን?

ሙራድ፦ እንጃለት።

ደብሪቱ፦ ለማንኛውም በአውቶቡስ እገባለሁ።

ሙራድ፦ በሦስት ሻንጣ? ቋንቋውን ሳያውቁ? እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብዎት ነው እንጂ እሱ ምን አደረገ? ጓደኛዎን እትዬ ሽታዬን የገደላቸው የረጋ ደም ነው። ሐኪሙ ሲናገር እኔው አይደለሁ ያስተረጎምኩት?

ደብሪቱ፦ እሱ መኪና ውስጥ፣ ከጎኔ ነው የሞተችው ሙራድ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሸጥን፣ አብረን ተጓዝን። ሆቴሉ በር ላይ “ውረጂ እንጂ” ብዬ ስነካት ክንዷ ቀዝቅዟል።

ሙራድ፦ ተኝተው ነበር፤ በምን ያውቃሉ?

ደብሪቱ፦ አዎ። ለሁሉም ያልኩት እንደዚያ ነው።

ሙራድ፦ ታዲያ?

ደብሪቱ፦ ታዲያማ ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም። እዚህ ሱቅ ማንም ሳይጠራኝ “አቤት!” እላለሁ። ደንበኛ ይስቃል። ሠራተኞቼ ግን መሳቅ ትተዋል።

ሙራድ፦ ጸበልስ አልሞከሩም?

ደብሪቱ፦ ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። ቄሱ “የሚያስጨንቅሽ ምንድን ነው?” ቢሉኝ የሥራ ድካም ነው አልኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሙራድ፦ እንግዲያው እኔም የደበቅሁትን ላውጣ። ቼንን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። “እኔ ልቀበላት” ብሎ የለመነኝ እሱ ነው።

ደብሪቱ፦ ለመነህ? ስለ እኔ ምን አለህ?

ሙራድ፦ ምነው ደነገጡ?

ደብሪቱ፦ ምን አየሁ አለ? ንገረኝ!

ሙራድ፦ እትዬ ሽታዬ ከኋላ ተንጠራርተው ወንበሩን መታ መታ አድርገውለት ነበር። ያኔ አንድ ሐኪም ቤት እያለፈ ነው። ቋንቋው አልገባውም፤ ሌላ ደንበኛም ይጠብቀዋል። “ፍጠን ያለችኝ መሰለኝ” ነው የሚለው። ነዳው።

ደብሪቱ፦ በሥላሴ ስም!

ሙራድ፦ ከዚያን ቀን ወዲህ ኤርፖርት ድርሽ ብሎ አያውቅም። ግን ከአዲስ አበባ አውሮፕላን በገባ ቁጥር ይደውልልኛል። “ጓደኛዋ መጣች?” ይለኛል። እርስዎ ሁሉን የሚያውቁ፣ አንድ ቀን መጥተው የሚፋረዱት ይመስለዋል።

ደብሪቱ፦ እኔ? እኔ እሱን?

ሙራድ፦ ሽማግሌ ነው እትዬ። ይቅርታ ሊጠይቅዎት ነው። “ይቅር ብዬሃለሁ” ቢሉት ይበቃዋል፤ በቻይንኛ አስጠናዎታለሁ። እርስዎ እንደሆነ ተኝተው ነበር፤ ምን ይጎድልብዎታል?

ደብሪቱ፦ አልተኛሁም።

ሙራድ፦ ምን አሉ?

ደብሪቱ፦ አልተኛሁም ነበር። አውሮፕላኑ ላይ “ልጄ ልትወልድ ነው፤ ከዚህ ጉዞ በኋላ ሱቁን ላንቺ ትቼ ቤቴ እገባለሁ” አለችኝ። ጥላኝ ልትሄድ! አኮረፍኳት። መኪናው ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ “ደብሪቱ” ስትለኝ ሰማሁ። ደግማ ጠራችኝ። ትለማመጠኝ ብዬ ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር።

ሙራድ፦ ሦስተኛውስ?

ደብሪቱ፦ የለም። ዝም ስትል ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ። በመስታወቱ ከሰውየው ጋር ተያየን። መልሼ ጨፈንኩ።

ሙራድ፦ ያ ረቢ…

ደብሪቱ፦ አንተ ስትነግረኝ አሁን ነው የገባኝ። ጎኗ ያለችው ካልደነገጠች ደህና ናት ብሎ ይሆናላ ሰውየው የነዳው!

ሙራድ፦ እትዬ፣ ይህንን ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ሾፌሩን ልቀይርልዎ። ይቅርታዎንም እኔው በስልክ አደርስለታለሁ፤ እሱም ይረፍ፣ እርስዎም ይረፉ።

ደብሪቱ፦ የራሴን ኃጢአት አሸክሜው፣ በላዩ ይቅር ብዬሃለሁ ልበለው? አትቀይረው። አንተም አብረኸው ና፣ ቃል ሳትቀንስ ታስተረጉምልኛለህ። እሱ ይቅርታ ብሎ አፉን ሳይከፍት፣ እኔ ነኝ የምጀምረው።