አሮጌ ምሰሶና የማክሰኞዋ መልእክት

የተከበራችሁ የኢያሙ ቤተሰብ ሽማግሎች፤ እማማ፣ የኢሶኬን እናት፤ ፓስተር፤ የኡግቦው ሰፈር ጎረቤቶች፤ ከየከተማው የመጣችሁ የ«አደባባይ» ሰዎች። እንደምን አረፈዳችሁ። እግዚአብሔር ሁላችሁንም ያጽናችሁ።

ቴጂሪ ኦኮሮ እባላለሁ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «ከኢንተርኔት ወዳጆች፣ ሦስት ደቂቃ» ተብሎ ተጽፎልኛል። ከሦስት ደቂቃ አልፋለሁ፣ ይቅርታ። የባንዱ ልጆች፣ ጥሩምባችሁን ለጊዜው መሬት አስቀምጡልኝ። አፈሩ ሳይመለስ መናገር ያለብኝ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ሳልናገረው ከዚህ ግቢ ከወጣሁ መቼም አልናገረውም። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ በመሐል አታስቁሙኝ።

እናንተ የሰፈሩ ሰዎች ዛሬ የምንቀብራቸውን አባት፣ ፓ ኦግቤይዴን፣ የምታውቋቸው በመሰላላቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ መሥመር ሠራተኛ። ሲመጡ ልጆች «መብራት ቆራጩ መጣ!» እያሉ ወደ ቤት የሚሮጡላቸው ሰው። እኛ ግን በመሰላል አናውቃቸውም። ብዙዎቻችን ፊታቸውን ያየነው ዛሬ፣ በፕሮግራሙ ሽፋን ላይ ነው። ለእኛ፣ በኢንተርኔት ስማቸው፣ «አሮጌ ምሰሶ» ነበሩ።

አደባባይ ምንድን ነው ለምትሉ ሽማግሎች፦ ናይጄሪያውያን ተሰብስበን የምንጨቃጨቅበት የኢንተርኔት መድረክ ነው። ስለ ምርጫ እንጨቃጨቃለን። ስለ ነዳጅ እንጨቃጨቃለን። ስለ አማት እንጨቃጨቃለን። እኔ የፖለቲካው ክፍል ጠባቂ ነኝ። ደመወዝ የለውም። ስድብ ሲበዛ እሰርዛለሁ፣ አጭበርባሪ ሲመጣ እዘጋለሁ። እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው፣ እዚሁ ቤኒን ከተማ፣ ሳፔሌ መንገድ ላይ።

ፓ ኦግቤይዴ ለአሥራ አንድ ዓመት በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት መሥመር ይጽፉ ነበር። «መብራት ማን ጋ አለ?» በቃ፣ ይቺው ናት። ከዚያ አገሩ ሁሉ ይግተለተላል። ከአባ ከተማ አንዱ፦ «እዚህ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አልጠየቀንም።» ከጆስ ሌላዋ፦ «መጥቶ ነበር፣ ሳይቀመጥ ሄደ።» ከኢኮሮዱ ደግሞ፦ «አለ! እኛ ጋ አለ! ኧረ ... ጠፋ።»

አንድ ቀን አንዱ ቱግ አለባቸው። «አንተ ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት ስትቆርጥብን ኖረህ፣ አሁን ደግሞ አለ ወይ ብለህ ትጠይቀናለህ? አታፍርም?»

አሮጌ ምሰሶ ምን ብለው መለሱ? «ልጄ፣ እኔ የምቆርጠው ያልከፈለውን ነበር። አሁን የሚቆረጠው የከፈለው ነው። ምን ላድርግህ፣ በጡረታ ላይ ነኝ።»

ሳቃችሁ። ሳቁ። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ቆብ ያደረጉትን ሰው ታዩዋቸዋላችሁ? ማላም ኢሊያሱ ናቸው። ከሰሜን፣ ከካዱና ተነስተው አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ መጥተዋል። እኚህ ሰው ከአሮጌ ምሰሶ ጋር ስንት ዓመት ተጣልተዋል? ሰባት ዓመት! ምርጫ በመጣ ቁጥር እጄ እስኪዝል ነበር የሁለቱን ስድብ የምሰርዘው። ማላም «አንተ የደቡብ ሰው ጭንቅላትህ የተሠራው ለክርክር ብቻ ነው» ይላሉ። ምሰሶ ደግሞ «ማላም፣ ካንተ ጋር ስጨቃጨቅ ምሳዬ ቀዘቀዘ፣ ሚስቴም ተቆጣች። የት ላይ እንዳቆምን ያዝልኝ፣ በልቼ መጣሁ» ይላሉ። በልተው ይመጣሉ እኮ! ከቆሙበት ይቀጥላሉ። የማላም የዒድ በዓል ሲደርስ ግን ቀድመው የሚጽፉት ምሰሶ ነበሩ። «ዛሬ ከጠላቴ ጋር አልጣላም። በጉን በሰላም ብላ። ነገ እንገናኛለን።»

ዛሬ አንዱ ጠላት የሌላውን ሬሣ ሊሸኝ መጥቷል። ማላም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

በእኛ አገር ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው «እርዱኝ» ብሎ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ ምንድን ነው? እናውቀዋለን። «ሌባ!» ነው። እኛ ክፉዎች ሆነን ነው? አይደለም። ስንት ጊዜ ተበላን! የሌለ ሕፃን ልብ አሳክመናል። የሌለ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አልብሰናል። ስለዚህ ተጠራጣሪ ሆንን። ከሁላችን የባሱት ተጠራጣሪ ደግሞ እነሆ እዚህ ተኝተዋል። የመድረካችንን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው። እርዳታ የሚጠይቅ ሰው ስሙንና የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ፎቶ ይነሳ። ፎቶ ከሌለ ጽሑፉ ይሰረዝ።

አንድ ጊዜ ከፖርት ሃርኮርት ነኝ ያለች መበለት መጣች። ባል ሞቷል፣ ስምንት ልጆች፣ አከራይ ሊያስወጣት ነው። ሁላችንም «ሌባ! ሌባ!» ስንል አሮጌ ምሰሶ የጻፈችውን ቁጥር ወስደው ደወሉ። በኋላ እንደጻፉልን፣ ያነሳው ሰው ድምፁን አቅጥኖ «ሄሎ፣ መበለቷ ነኝ» አለ። ምሰሶም «እመቤቴ፣ ነፍስ ይማር። ባልሽን የቀበረው የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?» አሉ። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገና በራሱ ወፍራም ድምፅ «ፓፓ፣ እንደ ሌላው ሰው ሰድበውኝ ቢዘጉት አይሻልም?» አላቸው። ሃያ ደቂቃ መክረው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ነው ሌባ ብለው የጻፉት።

ከዚያ በኋላ። ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ደወሉ።

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ ቆሞ «ቶሎ በል» ይለኛል። ስልኬ ጮኸ። በአሮጌ ምሰሶ አካውንት፣ በፖለቲካው ክፍል፣ አዲስ ጽሑፍ ገባ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«እኔ ልጃቸው ነኝ። አባባ ከትናንት ጀምሮ ሆስፒታል ናቸው፣ ደም እየፈሰሳቸው ነው። ኦ ኔጋቲቭ ደም ያላቸው ሁለት ሰዎች አምጡ ተባልን። ቤኒን ከተማ ያላችሁ እባካችሁ። ስልኬ ይኸው።»

ምን አሰብኩ? ፎቶ የለም፣ አልኩ። ወረቀት የለም፣ አልኩ። የልጅቷ ስም እንኳ የለም። ሆስፒታል የሚባለው የትኛው ነው? ደግሞ አሮጌ ምሰሶ ለምነው ያውቃሉ? አጭበርባሪ ሁሉ እንዲህ በችኮላ ነው የሚጽፈው፣ አልኩ። የተጨነቀ ሰውም በችኮላ እንደሚጽፍ አልታየኝም።

ሰረዝኩት።

አካውንቱን ዘጋሁት። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ምነው እዚያ ላይ ባበቃ! አላበቃሁም። በገጹ አናት ላይ በትልቁ ጻፍኩ። «ማስጠንቀቂያ። የአሮጌ ምሰሶ አካውንት በሌቦች ተሰርቋል። በዚያ ስልክ ማንም እንዳይደውል።»

ማንም እንዳይደውል።

ከሁለት መቶ ሰው በላይ አመሰገነኝ። «ጠባቂያችን ንቁ ነው» አለኝ አንዱ። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። የሽማግሌውን ስም ከሌባ ያዳንኩ መሰለኝ። ሱሪውን ለደንበኛው ሰጥቼ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

የማክሰኞ ማለዳዋ ጥያቄያቸው እንደቀረች ልብ አላልኩም ነበር። ረቡዕ ጠዋትም «መብራት ማን ጋ አለ?» የሚል አልመጣም። አካውንቱ ስለተዘጋ ነው፣ አልኩ። ሐሙስም አልመጣም። ዓርብ ማላም ኢሊያሱ ጻፉልኝ። «ጠላቴ የት ገባ? ሦስት ቀን ሙሉ ሰድቤው መልስ አጣሁ። ይኼ ሰው ደኅና አይደለም። ፈልገው።» የት ልፈልጋቸው? በእጄ ያለው ቁጥር ያ የሰረዝኩት ቁጥር ብቻ ነው። የተሰረዘ ጽሑፍ ለጠባቂ ይታየዋል። ሌባውን ልሰድብ፣ ስድቤን አዘጋጅቼ ደወልኩ።

አንዲት ልጅ አነሳች። እኔ ገና «ሄሎ» ሳልል፦

«ስለ ደሙ ነው?» አለችኝ።

ስድቤን ተውኩት። «ከአደባባይ ነው የምደውለው» አልኩ።

«አባባ ረቡዕ ከሰዓት ዐረፉ፣ ጋሼ» አለች። «ጽፌ ነበር፣ ግን ኔትዎርኩ መሰለኝ ወዲያው ዘጋብኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚያ ካሉት ወዳጆቻቸው የደወሉልን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እርስዎ ብቻ ነዎት።

ኢሶኬን፣ ልጄ፣ ኔትዎርኩ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

አባትሽ በሕይወት እያሉ የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። በስልክሽ ማንም እንዳይደውል ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ከሆስፒታሉ ደጅ ቆመሽ ስልክሽን ስታዪ፣ ስልክሽ ዝም ያለው እኔ ዝም ስላሰኘሁት ነው። አንቺ ግን «የደወሉልን እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ በቀብሩ ላይ እርስዎ ይናገሩልን» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። የሐዘን ጨርቁን በነፃ እሰፋለሁ ስልሽ ደግነት መስሎሽ ልትስሚኝ ምንም አልቀረሽም። ይህን ሁላችሁ የለበሳችሁትን ሰማያዊ ጨርቅ ግማሹን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደግነት አልነበረም። ፈርቼ ነበር። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሃያ ቀን ሰፋሁ።

እዚህ የተቀመጣችሁ የአደባባይ ሰዎች፣ እናንተ ታውቁ ነበር። ዝም ያላችሁት ለእኔ አዝናችሁ ነው። አታዝኑልኝ። ከእናንተ ሁለታችሁ ኋላ ነግራችሁኛል፣ ያን ጽሑፍ አይታችሁ ልትደውሉ ስልካችሁን አንስታችሁ ነበር። ማስጠንቀቂያዬን ስታዩ መልሳችሁ አስቀመጣችሁት። ደማችሁ ያ ደም ይሁን አይሁን አልጠየቅኳችሁም። አልጠይቅም። መልሱን መሸከም አልችልም።

ብትደውሉ ይድኑ ነበር? አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም። ምናልባት ደሙ ተገኝቶም ይሞቱ ይሆናል። ይህን ለራሴ በየቀኑ እነግረዋለሁ፣ አንድም ቀን አላሳረፈኝም። ደንቡን ከእሳቸው ነበር የተማርኩት። መጠርጠሩን ተማርኩ፣ ፎቶ መጠየቁን ተማርኩ፣ መሰረዙን ከእሳቸውም በላይ ተማርኩ። መደወሉን ብቻ አልተማርኩም። አንድ ደቂቃ! የደንበኛውን ሱሪ ለማጣጠፍ የፈጀብኝ ያህል ጊዜ! ደውዬ «ማን ልበል?» ብላት ኖሮ አልቅሳ ስሟን ትነግረኝ ነበር።

አዎ፣ ከወንበራችሁ የተነሳችሁ ወጣቶች፣ አያችኋለሁ። መነሳታችሁ ትክክል ነው። ልጨርስና ወደ እናንተ እመጣለሁ።

እማማ፣ ራሴን ቀና አድርጌ ላይዎት አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ ለማለት አልመጣሁም። ሰው በሐዘኑ ቀን ይቅርታ አይጠየቅም፣ ይበዛበታል። የመጣሁት አንድ ነገር ልመልስ ነው። ኢሶኬን፣ ያን ዓርብ በስልክ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለሽኛል። የእኔ አልነበረም። ሃያ ቀን ሙሉ የእኔ ያልሆነ ምስጋና በኪሴ ይዤ ዞርኩ። በሽማግሎቹ ፊት፣ በአባትሽ ሬሣ ፊት ምስጋናሽን መልሼልሻለሁ። ተቀበዪኝ።

ፓ ኦግቤይዴ። አሮጌ ምሰሶ። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን በአካል ሳንገናኝ ቀረን። አሥራ አንድ ዓመት አነጋገሩኝ፣ ሳጠፋ ገሠጹኝ፣ ሲያመኝ ጠየቁኝ። ለእርስዎ የደረስኩት ዛሬ ነው፣ ጉድጓድ አፋፍ ላይ። አዝናለሁ፣ አባቴ። በጣም አዝናለሁ።

በሰላም ይሂዱ። እርስዎን የሚያስቆምዎት የለም፣ መንገድዎ የተቃና ይሁን። እኔ ግን አልሄድም። እዚሁ ቆሜ ልጅዎ የምትለኝን እሰማለሁ።