ቦቃው በግ ያለበት መታጠፊያ

አዲስ አበባ ስትሄዱ ምልክት ያዙ ይሏችኋል፤ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚያዝ ግን ማንም አይነግራችሁም። የፋሲካ ሰሞን ልጄን ላሳክም ከሞላሌ ሄጄ እህቴ ቤት አረፍኩ። ጠዋት ልጄን አዝዬ ያለ እህቴ ስወጣ መታጠፊያው ላይ በግ ነጋዴ ቆሟል፤ ከበጎቹ መሃል ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ጥቁር ቦቃ ሙክት ለምልክት ያዝኩ። ስመለስ ሊመሽ ነው፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ያለቅሳል፣ ስልኬም ዘግቷል።

«ወንድሜ፣ በጎቹ ጋ አውርደኝ!» አልኩት የታክሲውን ረዳት።

«የቶቹ በጎች? ዛሬ ከተማው እኮ በግ ብቻ ነው!»

«ቦቃው ያለበት!»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። የእኔ ግን እንባዬ መጣ። ይህን ያዩ አንዲት እናት «ምን ያስቃችኋል? ፈልጉላት እንጂ!» ብለው ተቆጡ። ከዚያማ ሰው ሁሉ በየመስኮቱ በግ ፍለጋ ገባ። ኋላ አንዱ «ያውልሽ ቦቃው!» ሲል ዘልዬ ወረድኩ። ለካ አንድ ሰውዬ ገዝቶት እየጎተተ ነው! ከየት እንደገዛው ብጠይቀው «ከማደያው ፊት ለፊት» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። እዚያ ስደርስ እህቴ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ምልክቴ ቦቃው በግ እንደነበር ነገርኳት።

«ይሄን የሚያህል ነዳጅ ማደያ አላየሽም?» ብላ ጮኸችብኝ።

«አይቼዋለሁ። ማደያ ግን ሁሉም አንድ ነው፤ በምኑ ልለየው?»