አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ አድነው ያስጻፉት ስም

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ አድነው ከአባታቸው ከመሪጌታ አድነው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ ዋሴ በ1942 ዓ.ም. ጎጃም፣ ሞጣ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሕልም የሚያዩ፣ ያዩትንም ማለዳ ሳይናገሩ የማይውሉ ሰው ነበሩና አባታቸው ዳዊት እያስደገሙ፣ «ይህ ልጅ ነቅቶ ከሚያየው ተኝቶ የሚያየው ይበልጣል» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ባገኙት የትምህርት ዕድል ወደ ፍራንክፈርት መጥተው ኬሚስትሪ አጠኑ። ተመርቄ እመለሳለሁ ሲሉ አብዮቱ ፈነዳ፤ ቦከንሃይም ሰፈር በተከራዩዋት ክፍል የታሰረች ሻንጣቸውን ሦስት ዓመት ጠብቀው ፈቷት፣ በውኃ መመርመሪያ ላቦራቶሪም ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ሠሩ። በ1977 ዓ.ም. ነርስ ከነበሩት ከወይዘሮ ሀረገወይን ጋር፣ ካህን ከሩቅ ከተማ አስመጥተው፣ በተክሊል ተጋቡ። ኒድ በሚባለው ሰፈር ከኒዳ ወንዝ ዳር ቤት ይዘው አንዲት ልጃቸውን ሕሊናን ወለዱ፤ በ2004 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲያርፉም ብቻቸውን ቀሩ።

ሕሊና አድጋ ቦከንሃይም ውስጥ ማርቲ ከምትባል ጀርመናዊት ጋር ትኖር ነበር። ማርቲ በኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ድግስ ሁሉ ሳህን ስታጥብና ድስት ስትሸከም፣ እኛ የቤት ተጋሪ ብቻ መስላን እናቶቻችን ለሁለቱም ባል ማፈላለግ ጀምረው ነበር፤ ለማርቲ እንዲያውም አንድ ዲያቆን ታስቦላት ነበር።

በሰኔ 2009 ዓ.ም. የጀርመን ምክር ቤት አንድ ዓይነት ፆታ ያላቸው ሰዎች እንዲጋቡ በሚፈቅደው ሕግ ሲከራከር፣ የማኅበራችን ሊቀ መንበር የነበሩት አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ለአካባቢው የሕዝብ እንደራሴ የጻፉትን የተቃውሞ ደብዳቤ ዞሰንሃይም ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ አነበቡ። ከአባላቱ አንዱ አቶ ክንፈ ተነሥተው፣ «እነሱ በሕጋቸው ቢጋቡ እኛን ማን አትጹሙ አለን? ይህች አዳራሽ እኮ በዚያው ነፃነት የተገኘች ናት» ቢሏቸው፣ «ነፃነቱንማ አከብራለሁ፤ ነገ ካህናችንን ተክሊል ድፋ ቢሉትስ?» ብለው መለሱ። እንደራሴዋም ሕጉ የመዝገብ ቤቱን እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ደጃፍ እንደማይነካ ጻፉላቸው። ሕሊና ያን ቀን ከኋላ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታ ነበር።

ሕጉ ጸድቆ በጥቅምት ወር ወደ አባቷ መጥታ፣ «አባዬ፣ እኔና ማርቲ መዝገብ ቤቱ፣ ሽታንደስአምት፣ የጋብቻ ቀጠሮ አለን። ካህን አልጠየቅኩም፤ አንተን ነው የምጠይቀው» አለቻቸው። አልሄዱም። የተያዘላቸው ወንበር ባዶውን ሲውል እርሳቸው እስኪመሽ በወንዙ ዳር ተመላለሱ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሕሊና በየእሑዱ አባቷን ስትጠይቅ፣ ማርቲ በመኪና አድርሳት ወንዙ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃት ነበር፤ ግቢ ያላት ሰው አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. መባቻ የጉበት ሕመም ሲጸናባቸው፣ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ እንቅልፍና ንቃት የተቀላቀለባቸው ቀናት መጡ። አንድ እሑድ ማለዳም ለባለቤታቸው ወንድም ለአቶ ገናናው፣ «ሀረግ ከወንዙ ጉም ውስጥ ወጥታ ከዚያች ልጅ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዳቦ ቆርሰው ይበላሉ። በመስኮት ብጣራ፣ ብጣራ፣ ዞር ብላም አላየችኝ» አሏቸው። አቶ ገናናው፣ «ሕልም ነው፣ ይተዉት» አሉ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ ማርቲም እንደ ወትሮዋ ወጥታ ተቀምጣ ነበር። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ግድግዳ እየተደገፉ ወደ መስኮቱ ሄደው ከፈቱና፣ «ማርቲ! ኮም ራይን! ግቢ እንጂ ልጄ፣ ዝናብ በላሽ እኮ!» ብለው ተጣሩ። ያን ዕለት ሦስቱ አብረው ሾርባ ጠጡ፤ ማርቲም ፀጉሯን በወይዘሮ ሀረገወይን ነጠላ አደረቀች።

በማግስቱ አቶ ገናናውን ጠርተው ዜና ሕይወታቸውን በቁማቸው አስጽፈው አስነበቡ። አቶ ገናናው ከእኅትና ከወንድም ልጆች ሁሉ በታች «ጓደኛዋ ማርቲ» ብለው ስለጻፉ ተቆጡ። «ሰርዘው። ተክሊል የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚህ ቃሌ አልተመለስኩም። ወንበሬን ባዶ መተዌ ግን ሃይማኖት አልነበረም፤ ኩራት ነበር። ይሉኝታ ከያዘህ ወረቀቱን ለሌላ ስጠው፣ ያነበዋል» አሉ። ይህን የሚያነብላችሁ ያው ገናናው ነው። እስከ ዛሬ በነገሩ አልተስማማም፤ ወረቀቱን ግን ለሌላ አልሰጠም።

አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ሁለቱ ልጆች እጃቸውን እንደያዙ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከኋላቸው የቀሩትም፣ እርሳቸው ባስጻፉት ተራ፦ ልጃቸው ሕሊና ሀብተ ጊዮርጊስ፤ የሕሊና ባለቤት፣ ልጃቸው ማርቲ፤ የባለቤታቸው ወንድም ገናናው፤ በሞጣ ያሉ የእኅት የወንድም ልጆች፤ መላው ማኅበራችን ናቸው።

የማይነጥፍ ምሕረት ያለው አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፣ ለቀረነውም መጽናናትን ያድለን፤ አሜን። ሕሊና ልጄ፣ ማርቲ ከበሩ ሥር ቆማለች። የቤተሰብ ቦታ እዚህ ነው፤ ወደ ፊት አምጪያት።