ቤት የገዛንባት ላም

ሚስቴ ጥሩ የለችም። ልጃችንን በወለደች በሳምንቷ አረፈች።

በእኛ ጊዜ ስል አትሳቁ። ጢሜ ገና አልሸበተም፤ ግን ሚስቴ ሳለች የነበረው ሌላ ዘመን ነው። ታዲያ «ቤቱ ያንተ ሆኖ ለምን በትንሿ ክፍል ትተኛለህ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እንግዲያው ስሙ።

ያኔ እዚሁ ወረታ፣ ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። አከራያችን ደግ ሴት ናቸው፣ ጨው እንኳ አይከለክሉም፤ ግን ገና ስንገባ ጣታቸውን ቀስረው «ልጆቼ፣ እኔ ሕፃን የሚያለቅስበት ቤት አላከራይም፤ ራሴን ያመኛል» አሉን። እና ጥሩ «እንግዲህ መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ልጅ» አለች። እኔም እሺ አልሁ። ምን ልበል?

ብድር ልንጠይቅ ሄድን። የብድር ቤቱ ሠራተኛ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ «የሚያስይዙት ቤት አለዎት?» ይለኛል። «ወንድሜ፣ ቤት ቢኖረኝ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» እሱም ሳቀ፣ ጥሩም ሳቀች፣ እኔ ብቻ አልሳቅሁም። እና ዕቁብ ገባን፣ የሩዙን ምርት ሸጥን፣ ዕቁቡም ደረሰን፤ አሁንም አልሞላም። የቀረችን ላሟ ናት። ስንጋባ የጥሩ አባት በማጫ የሰጧት የፎገራ ላም፣ ከነጥጃዋ ሜዳው ላይ እሳቸው ዘንድ የምትውል።

ታዲያ የማጫ ላም ያለ አባት ፈቃድ አትሸጥም። ሄድን፣ ጉልበት ሳምን። አማቼ አዳመጡ፣ አዳመጡና «አይሆንም» አሉ። «ልጅ ስትወልዱ ምን ይጠጣል? ቆርቆሮ ይታለባል እንዴ?»

ጥሩ የእሳቸው ልጅ አይደለች? «አባዬ፣ ወተቱን ጠጥቶስ የት ይተኛል?» አለች።

«አንቺ የት ተኛሽ? ከእኔ ጋር፣ በጀንዲ፣ በበሬ ቆዳ ላይ!»

«አሁንማ አከራይዋ ጀንዲውንም ከነልጁ ያስወጡታል።»

ሳቁ። እና «ሂዱ፣ ሽጧት። ላም ትተካለች» አሉ።

እኔ ጥጃዋን ላስቀር ነበር፣ ለሚወለደው ትሁን ብዬ። ገበያ ላይ ገዥው «ጥጃዋ ሳትጠጋት የምትታለብ ላም የት አይተሃል?» ብሎ ገመዱን ጣለልኝ። እውነቱን ነው። ሁለቱንም ሰጠን።

እና ይችን ቤት ገዛን። የጭቃ ቤት፣ ክዳኗ ቆርቆሮ። ትልቋ ክፍል የእኛ፣ ትንሿ የልጁ። ትንሿን ጥሩ ሆዷ ገፍቶ ሳለ ራሷ ለቀለቀቻት። «ተዪው፣ ሰው እንቀጥራለን» ብላት «የልጄን ግድግዳ ማን ይነካል!» አለችኝ። የጣቶቿ መስመር እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ልጅቷ መጣች፣ እናቷ ሄደች። ለቅሶው ላይ አማቼ ሕፃኗን በጋቢያቸው ጠቅልለው ተነሡ። «ልጄ፣ አንተ ዘንድ የሚይዛት ሰውም ወተትም የለም፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም አለ» አሉኝ። መተኛዋን ገዛንላት፣ ወተቷን ሸጥንባት።

ብቻዬን ሰነበትሁ። ሰው ሁሉ «ትንሿን ክፍል አከራያት፣ ድምፅ ታገኛለህ» ይለኛል። እኔ እንቢ። ታዲያ አንድ ቀን አንድ ወጣት ከነሚስቱ መጣ። እሷ ነፍሰ ጡር ናት።

«ጋሼ» አለኝ። ጋሼ! እኩያዬ እኮ ነው። «የሄድንበት ቤት ሁሉ ልጅ አይሆንም ይለናል። እርስዎስ?» ትንሿን ክፍል አሻግሮ ያያል።

«ይቺ አትከራይም» አልሁት።

ሚስቱ «ተወው፣ እንሂድ» ብላ ዘወር አለች። ወገቧን ደግፋ ስትራመድ አየኋት። ጥሩም እንዲያ ነበር የምትራመድ።

«ቆዩ እንጂ! ትልቋ ትከራያለች።»

«እርስዎስ የት ሊሆኑ?»

«እሱን ለእኔ ተዉት።»

«ልጁ ቢያለቅስስ?» አለች እሷ።

«ያልቅስ፣ እህቴ። ልጅ እንዲያለቅስበት ነው የተገዛ።»

ዕቃቸውን በባጃጅ አመጡ። ያን ቀን መጨረሻ የሠራሁት፣ አልጋችንን ለእነሱ ትቼ፣ ትንሿ ክፍል ውስጥ ጀንዲ ማንጠፍ ነበር። በግድግዳው በኩል ለልጅቷ የሚበቃ ቦታ ትቼ፣ እኔ ከዳር ተኛሁ።