ለለቅሶዬ የተጻፈው ደብዳቤ

ክቡር አቶ ኢዘዲን፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁ፣ ድፎውን ለጋገራችሁ፣ ይህን ጋቢ ላለበሳችሁኝ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። ጋቢው ደስ ይላል። የምገባበት መርሳ ሙቀት ስለሆነ መቼ እንደምለብሰው ግን እንጃ፤ ክረምት ይመጣል መቼም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ከዚህ መሥሪያ ቤት የወጣው፣ ወደዚህም የገባው ደብዳቤ በእጄ አልፏል። ስለ ሥራዬ አቶ ኢዘዲን ከሚገባኝ በላይ ተናግረውልኛል። እኔ ስለ ቤቴ ልናገር። በስንብት ቀን ስለ ኪራይ ቤት ይወራል ወይ? አዎ፣ ይወራል። እኔና እናንተ የተኮራረፍነው በቤት ሰበብ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት እትዬ ዓቢዳ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ነበር። እርሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ግቢውን ሸጡትና እኔ ወደዚያ ባለ አራት ፎቅ አፓርታማ ገባሁ። እዚያ አከራይ የሚባል ሰው የለም፤ አስተዳዳሪ ድርጅት ነው ያለው። ስሙን አልጠራም፤ ከጠራሁት ማስጠንቀቂያ ይጽፍልኛል።

ስገባ ሃያ ሁለት ገጽ ውል ሰጡኝ። ወረቀት አንባቢ ነኝ ብዬ የምኮራው ሴትዮ ሳላነብ ፈረምኩ። ቤቱ ደስ ብሎኛ! ነጭ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል። በሳምንቱ ውኃ ጠፋ። ሮቶው ጣሪያ ላይ ነው፣ የጣሪያው ቁልፍ ድርጅቱ ዘንድ ነው። ስደውል "በጽሑፍ ያመልክቱ" አሉኝ። አመለከትኩ። መልሱ ሲመጣ ክረምት ገብቶ የዝናብ ውኃ በባልዲ እያጠራቀምኩ ነበር። ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አፈሰሰና ከታች ያሉት ጎረቤቶቼ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ጥገና ተብሎ የመጣው ሰው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሄደ፤ እንደሄደ ቀረ። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል፣ በር ላይ ጫማ ማውለቅ ክልክል። ይህን የምነግራችሁ ለማማረር አይደለም። ውሸቴን ነው፣ ለማማረር ነው። ግን ይህንን ሁሉ ችዬው ነበር።

ያልቻልኩት ያለፈው ኅዳር የሆነውን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ኢሳቅ አርባ ምንጭ መንገድ ሥራ ላይ እንዳለ ሞተ። እዚያው ቀብሬው ተመለስኩና ፍራሽ አንጥፌ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ድንኳን ልትከል ብል "የግቢው ንጣፍ ይጎዳል" ተባልኩ። እሺ፣ ድንኳኑ ይቅር፤ ሰው ግን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። በመጀመሪያው ቀን እኅቴ ታንጉትና ሦስት የዕድር ሴቶች አብረውኝ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን እነርሱው። በሦስተኛውም እነርሱው ብቻ።

ከማናችሁ ለቅሶ ቀርቼ ነው? ይታገሱ፣ አባትህ ሲሞቱ ግራና ድረስ በአይሱዙ ተጭኜ አልመጣሁም? ሔዋን፣ እናትሽ ሲያርፉ ሦስቱንም ቀን ወጥ ቤት የዋልኩት እኔ አይደለሁም? በር በሩን ሳይ ከረምኩ። ከወንድሜ ሞት እኩል የናንተ መቅረት አስለቀሰኝ።

ሥራ ስገባ አንገቴን ደፋሁ። እናንተም ደፋችሁ። ሔዋን "ደህና ነዎት እትዬ እታፈራሁ?" አለችኝ። "ደህና" አልኳት። ከዚያ በኋላ ሻይ እንኳ አብረን አልጠጣንም።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ገቢ ደብዳቤ ስመዘግብ አንድ ፖስታ ከፈትኩ። ያ የአፓርታማዬ አስተዳዳሪ ድርጅት ነው የላከው። "ጉዳዩ፦ የለቅሶ መድረሻ ፈቃድ በመጠየቅ ለጻፋችሁት ደብዳቤ መልስ ስለመስጠት" ይላል። ዐይኔን አላመንኩም። ቀጥሎ፣ "ሕንጻው በአንድ ጊዜ ከአራት ያልበለጡ ለቀስተኞችን የሚያስተናግድ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሚሆኑት ተከራይዋ የስም ዝርዝር ከሦስት የሥራ ቀናት በፊት እንድታቀርብ እንገልጻለን" ይላል። ወንድሜ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ላስመዘግብ ኖሯል!

የወጪውን ፋይል አወጣሁ። እኔ ለቅሶ ላይ ሳለሁ የወጣ የናንተ ደብዳቤ አለ። ማኅተም አለው፣ ግልባጭ አለው፤ የፈረሙትም እርስዎ ነዎት አቶ ኢዘዲን። ማታውኑ የአፓርታማውን ዘበኛ ቶፊቅን ያዝኩት። "እነዚያ የቢሮ ሰዎች? አሥራ ሰባት ሆነው መጥተው ነበር" አለኝ። "አራት ሰው ገብቷል፣ ስማችሁም ዝርዝር ላይ የለም፣ ዝርዝሩን የምትሰጠው ተከራይዋ ናት አልኳቸው። ታዝዤ ነው እትዬ፣ ወላሂ!"

እናንተ ስማችንን ተወችው አላችሁ። እኔ ተውኝ አልኩ። ሐዘንተኛ ላይ ስልክ ደውሎ "በር ላይ ተከልክለናል" ማለት ነውር ሆኖባችሁ ቢሮ ተመለሳችሁና ደብዳቤ ጻፋችሁ።

በድርጅቱ ነደድኩ። በናንተም ነደድኩ፤ አሁንም አልበረደልኝም። አሥራ ሰባት ሰው ለአንድ ዘበኛ? ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብትሉ እኔ በመስኮት አይቼ አልወርድም? እንዴት ለለቅሶ ደብዳቤ ይጻፋል?

ኋላ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ይህን ያስተማራቸው ማነው? ከሲሪንቃ የመጣውን ገበሬ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ጉዳዩን በአፉ ሊነግረኝ ሲጀምር፣ "ማመልከቻ አጽፈህ ና" ብዬ ስንቴ መልሼዋለሁ? ያ ሰው ምን ሐዘን ይዞ እንደመጣ ጠይቄው አላውቅም። ይህ ያሳፍረኛል፤ ዛሬ በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ታዲያ ደብዳቤውን ካነበብሽ በኋላ ለምን ዝም አልሽ ትሉኛላችሁ። ኩራት ነው። ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ውስጥ ከተትኩትና አሥር ወር ዝም አልኩ። ይኼኔ ታርቀን፣ ስንት ጨዋታ ተጫውተን ነበር።

ቤቱን ባለፈው ሳምንት ለቀቅሁ። ድርጅቱ በስልኬ መጠይቅ ልኮልኛል፤ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል፣ ከአንድ እስከ አምስት ይሙሉ ይላል። ዜሮ የለውም፣ ፈልጌ አጣሁት። ከነገ ወዲያ መርሳ፣ ታንጉት ዘንድ እገባለሁ።

ለቅሶዬን ግን ይዤው አልሄድም። ኢሳቅ አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ግሬደር ነጂ ነበር። እሑድ እሑድ እየደወለ "እታለም፣ ምን በላሽ?" ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ስለርሱ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን በሉ። ሥራችሁ ይቃና። ልጆቻችሁ ለቁም ነገር ይብቁ። ያላገባችሁ አግቡ፣ ያልወለዳችሁ ውለዱ። ቤት የሌላችሁ የራሳችሁ ደጅ ይኑራችሁ። ሐዘን ከናንተ ይራቅ፤ አይቀርም ካለ ደግሞ በሰው መካከል ያድርግላችሁ። ከተማችንን ወልድያን ሰላም ያድርግልን፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን።

ንግግሬ አልቋል። አሁን ነጠላዬን አዘቅዝቄ እዚህ ወንበር ላይ ለቅሶ እቀመጣለሁ። አቶ ኢዘዲን፣ እርስዎ ይጀምሩ።