ጠበቃዬ ሲያስነጥስ

ሁሉም ጓድ በሚባባልበት በዚያ ዘመን ማንን ታምናላችሁ? አራዳ የጋራ መግቢያችንን ጎረቤቴ አጥሮብኝ ከሰስኩት። ጠበቃዬ «ቀጠሮው ተላልፏል፣ አትልፋ» ብሎኝ ብቀር፣ ለካ በሌለሁበት ተፈርዶብኛል! ከባላጋራዬ ጋር ሳይመሳጠር አይቀርም ብዬ የጠበቆችን ጥፋት ለሚያየው ጉባኤ አመለከትኩ።

ጠበቃዬ እዚያ ቀርቦ «ጎረቤቱን ከችሎት ውጪ አላውቀውም» ብሎ ማለ። ጎረቤቴም በምስክርነት ተጠርቶ ገባና «እኔም እሳቸውን አላውቃቸውም» አለ። አንቱታው ራሱ አላማረኝም። ይኼኔ የፋይሉ አቧራ ጠበቃዬን አስነጠሰው።

«ይማርህ አበልጄ!» አለ ጎረቤቴ፣ ሳያስበው።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠበቃዬን ትክ ብለው አዩት።

«ምነው ጓድ፣ ያኑርህ አይሉትም?»